ጉድጓዱን ካየሽው በኋላ የት ታያለሽ?

ሞተር ሳይክል መንዳት ለሚማር ሰው በመጀመሪያው ቀን ሊነገረው የሚገባ ነገር ለእኔ የተነገረኝ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ በኋላ ነው። ነገሩ አጭር ነው፤ ሞተር ዐይን ወደተተከለበት ይሄዳል። ይህን የነገረኝም ማሠልጠኛው አይደለም። ያንኑ ነገር ከሞተሩ ወርጄ በመሥሪያ ቤት ኑሮዬ ላይ እስክጠቀምበት ደግሞ ብዙ ወራት አለፉ። ሌላ ሰው እንዲህ እንዳይዘገይበት ብዬ እጽፈዋለሁ።

ሥራዬ በባሕር ዳር ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የእጅ ውሃ ፓምፕ መጠገን ነው። አብዛኞቹ አፍሪዴቭ የሚባሉት ናቸው፤ ውስጣቸው ያለው ጎማ ተበልቶ ሲያልቅ ቶሎ ካልተቀየረ መንደሩ በሙሉ ወደ ወንዝ ውሃ ይመለሳል። የመኪና ተራ መጠበቅ ሰለቸኝና ሞተር ለመማር ተመዘገብኩ። ምዝገባው፣ የዐይን ምርመራውና የጽሑፍ ፈተናው ያለ ችግር አለፉ። የራስ ቁር ራሳችሁ ግዙ፤ አገጭ የሚሸፍነውን። መሥሪያ ቤት እስኪያድላችሁ አትጠብቁ።

የተበላሸው የተግባር ልምምዱ ነው። አሠልጣኙ ሜዳ ላይ ድንጋይ ይደረድርና በመካከሉ እንድናልፍ ያዝዘናል። ከዚያ ዳር ቆሞ «ድንጋዩን! ድንጋዩን እዩ!» እያለ ይጮሃል። ፍጥነታችን ከእግረኛ አይበልጥም፤ ክፍተቱም ለባጃጅ ይበቃል። እኛ ግን ተራ በተራ ድንጋዩ ላይ እንወጣለን። እሱም «ፈሪዎች ናችሁ፣ በተለይ ሴቶቹ» ይለናል። ይህ ንግግሩ ዛሬም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ፍርሃት አልነበረም። ድንጋዩን እዩ አለን፤ አየነው፤ ሄድንበት። ትእዛዙን በትክክል በመፈጸማችን ተሰደብን።

ምክንያቱን ያስረዱኝ የመሥሪያ ቤቱን ሞተሮች የሚጠግኑት አዛውንት መካኒክ ናቸው። ሞተር ሳይክል ትንሽ ፍጥነት ከያዘ በኋላ የሚታጠፈው በማዘንበል ነው። የመሪውን ግራ እጀታ በቀስታ ወደ ፊት ሲገፉት ሞተሩ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ወደ ግራም ይሄዳል። ይህን ግፊት እጅ የሚሰጠው ሳናስበው ነው፤ ትከሻም እጅም ዐይንን ይከተላሉ። ዐይን ጉድጓዱ ላይ ሲተከል ክንድ ይደርቃል፤ ሞተሩም ማዘንበሉ ይቀርና ቀጥ ብሎ ይገባበታል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ደንግጦ ለማፍጠጥ ደግሞ አንድ ሴኮንድ ብዙ አይደለም። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ጉድጓዱን አንድ ጊዜ አይተሽዋል፤ ከዚያ አይንቀሳቀስም። አሁን የምታልፊበትን እዪ።»

ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ሞከርኩት። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያን ጊዜ ኮረኮንች ነበር። ጠጠር ላይ የፊት ፍሬን አጥብቆ የያዘ ሰው ጎማው ይቆለፍበትና ይወድቃል። ስለዚህ ጉድጓዱ ሳይደርስ ፍጥነት መቀነስ፣ ከዚያ ፍሬኑን ለቅቆ ዐይንን ወደ ደህናው መሬት መላክ ነው። ሠራልኝ። 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ከመመረቁ በፊት ጭነት መኪናው፣ ባጃጁና እግረኛው ሁሉ በጠባቡ አሮጌ ድልድይ ይተላለፍ ነበር። እዚያም ከመኪናው ጎማ ይልቅ ከአጠገቡ የተረፈውን ቦታ ማየት እጄን አላላልኝ።

በዚያው ሰሞን በመሥሪያ ቤቴ ፊርማ የሌለው ጥቆማ ቀረበብኝ፤ ሞተሩን ለግል ጉዳይ ትጠቀምበታለች፣ ነዳጅ ታባክናለች የሚል። በግምገማ ስብሰባ ላይ በሁሉም ፊት ተነበበ። ኃላፊው የጉዞ መዝገቤን አምጪ እንኳን አላለኝም። «ይጣራል» ብሎ ፋይል ውስጥ ከተተው፤ ለወራትም እዚያው ተኛ። እኔ ስገባ የሚቋረጥ ወሬ በዛ። ከዘመድም «ድሮስ ሴት ልጅን ከሞተር ምን አገናኛት» ያለ አልጠፋም።

የሰው ምክር ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፤ «ናቂው፣ ችላ በይው፣ ፈጣሪ ይፈርዳል።» በቅን ልብ እንደተናገሩት አውቃለሁ፤ ግን አልረዳኝም። ጉድጓድ ፊት ዐይን መጨፈን መንዳት አይደለም። ናቅሁት ባልኩ ቁጥር ሌሊት ማን ጽፎት ይሆን እያልኩ የባልደረቦቼን ፊት አንድ በአንድ ሳገላብጥ አድራለሁ። መራዊ አካባቢ ሴቶች ጀሪካን ደርድረው እየጠበቁኝ፣ እጄ ፓምፑ ላይ ሆኖ ሐሳቤ ግን ስብሰባው አዳራሽ ነበር። የመካኒኩ ቃል ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። አላየሁም ማለት እንዳለብኝ አልነገሩኝም፤ አንድ ጊዜ በደንብ አይተሽ እለፊ ነው ያሉኝ።

ስለዚህ የጥቆማውን ቅጂ ጠይቄ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ለእያንዳንዱ ክስ ከጉዞ መዝገቡ፣ ከነዳጅ ደረሰኙና የየቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ከፈረመበት የጥገና ርክክብ ጋር አያይዤ በአንድ ገጽ መልስ ጻፍኩ። በንዴት የጻፍኩትን በዚያው ቀን አልሰጠሁም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ይዞ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ነው፤ በንዴት የተላከ ደብዳቤም መቆሚያ የለውም። የአስተዳደር ክፍሉ «መጀመሪያ ከቅርብ ኃላፊሽ ጋር በቃል ተነጋገሪ» አለኝ፤ የመመሪያው አሠራር እንዲያ ነው ተባልኩ። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፤ በጽሑፍ አድርጉት። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ «ትተሽው ሂጂ፣ ቁጥሩን በኋላ ትወስጃለሽ» ብትለኝም የገቢ ቁጥርና ማኅተም በቅጂዬ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ከመስኮቱ አልተነሣሁም። ነገረኛ ይበሏችሁ፤ ያለ ማኅተም አትውጡ።

ከዚያ በኋላ ዐይኔን አነሣሁ። ስፖኪዮ የሚታየው በየመካከሉ፣ ለአፍታ ነው፤ ፋይሉንም ዓርብ ከሰዓት ብቻ ሄጄ እጠይቃለሁ። በሌላ ቀን በቡና ሰዓት ወሬውን የሚያነሣብኝ ካለ «ዓርብ ጠይቀኝ» እለዋለሁ። ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት የተበላሹትን ፓምፖች ዝርዝር ለጠፍኩ፤ ጠዋት መጀመሪያ የማየው እሱን ሆነ። ዐይን ባዶ ቦታ ላይ አይቆምም፤ የሚሄድበትን ካልሰጡት ተመልሶ ጉድጓዱ ላይ ያርፋል። «አታስቢው» የሚለው ምክር የሚከሽፈው ለዚህ ይመስለኛል።

ይህ ለሁሉም ነገር ይሠራል አልልም። መንገዱን ሙሉ በሙሉ የዘጋ ጉድጓድ አለ፤ እዚያ ሞተሩን አቁሞ መውረድ ነው። በየቀኑ የሚሰድበኝ አንድ የቢሮ ባልደረባ ነበር፤ በእሱ ጉዳይ ዐይን በማዞር አልደከምኩም፤ ክፍል እንዲቀየርልኝ አመለከትኩና ተቀየረልኝ። ዛቻ ወይም ዱላ ለደረሰበት ሰው ደግሞ «ትኩረትህን ቀይር» ማለት ነውር ነው።

የማጣራቱ ውጤት በመጨረሻ መጣ። ሁለት መስመር ነው፤ «ጥፋት አልተገኘም» ይላል። በፖስታ ታሽጎ ለእኔ ብቻ ተሰጠኝ፤ ክሱ ግን የተነበበው በሁሉም ፊት ነበር። ኃላፊው «ነጻ ወጣሽ አይደል፣ ምን ቀረሽ?» አለኝ። የቀረኝን በደብዳቤ ጻፍኩለት፤ ክሱ በተነበበበት ስብሰባ ውጤቱም ይነበብልኝ የሚል ነው። የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ቅጂ እጄ ላይ ነው፤ መልሱን እስካሁን አልሰጡኝም።