ያልቀባሁት የበሩ ሥር

ስልኩ የተደወለልኝ ዝናቡ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ነው። በደረቁ ወራት የሰቀልኩት የውጭ በር አልዘጋ ብሏል። ሄጄ ሳየው በቁልፉ በኩል ከመቃኑ ጋር ተናክሷል። ባለቤቷ እናት የሚሆኑኝ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ በየማታው ስታገለው ነው የማመሸው» አሉኝ። አፈርኩ፤ ማፈሬም አስቸኮለኝ። መላጊያዬን አውጥቼ ከጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ላግኩለት። በሩ ያለ ትግል ገጠመ፣ እሳቸውም መረቁኝ።

አየሩ ሲደርቅ እንደገና ተደወለ። አሁን ደግሞ በክፍተቱ ብርሃን ይገባል፤ የቁልፉ ምላስ የሚይዘው በጫፉ ብቻ ነው። ሥራውን ያስተማሩኝን ጋሼን ይዤ ሄድኩ። በሩን አንዴ ከፈት ዘጋ አደረጉና «ሥሩን ቀብተኸዋል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከማጠፊያው ፈትተን ሁለት በርጩማ ላይ አጋደምነው። ፊትና ጀርባው ሦስት ሦስት ጊዜ ተቀብቶ ያብለጨልጫል፤ የታችኛው ጠርዝ ግን ከመጋዝ እንደወጣ ጥሬውን ነው። ጥግ ጥጉ ጠቁሯል። ጥፍሬን ስጫነው ምልክት ተወ።

እንጨት ውሃ የሚጠጣው በተቆረጠበት አፍ ነው። ዛፉ ቆሞ ሳለ ውሃ ያመላለሱት ቀጫጭን ቱቦዎች እዚያ ጋ ክፍት ናቸው፤ በገጹ ከሚስበው በብዙ እጥፍ ይስባል። ከወለሉ የሚፈናጠረው ዝናብ በዚያ ገባ። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ቁመቱ እምብዛም አይለወጥም፣ የሚያብጠው በስፋቱ ነው። እኔ የላግኩት እብጠቱን ነበር፤ እብጠቱ ሲጎድል የላግኩት አልተመለሰም። ከዚያ የባሰው ደግሞ መላጊያው ቀለሙንም ይዞት መሄዱ ነው፤ ለውሃው ሌላ መግቢያ ከፈትኩለት። በዝናብ ያበጠ በር ከተቻለ እስኪደርቅ መታገሥ ይሻላል፤ መላግ ያለበት ደርቆም ከነካ ብቻ ነው።

ለሴትየዋ ጊዜያዊ መዝጊያ ሠርተን በሩን ጥላ ውስጥ አደረቅነው። በላግኩት ጎን ውሃ የማያላቅቀው ኮላ ቀብተን ቀጭን ጣውላ ለጠፍንበት። ከዚያ ሥሩን መቀባት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቅብ ዓይኔ እያየ ተመጠጠ፣ ሁለተኛውም እንዲሁ፤ ገጹ ላይ የቆየው አራተኛው ነው። አናቱን፣ የማጠፊያውን ጉድጓድና የቁልፉን ቀዳዳም ቀባሁ። ከታች በፊት በኩል ወጣ ያለ አግዳሚ ገጠምንበት፤ ከሆዱ ቀጭን ቦይ ፈለፈልንለት፣ ውሃው ወደ በሩ ሳይዞር እዚያው እንዲንጠባጠብ።

ለባለቤቷም አንድ ነገር አሳየኋቸው። በየዓመቱ ከዝናቡ በፊት በሩ ላይ ጥቂት ውሃ ይርጩ፤ ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ከወረደ ቅቡ ደህና ነው፣ እንጨቱ ከጠቆረ ግን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ መድገም ነው። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው በር ቅቡ ቶሎ ይጎዳል።

በቀጣዩ ዝናብ መሃል ሳልጠራ ሄድኩ። የታጠፈ ወረቀት በበሩና በመቃኑ መካከል አስገብቼ ከላይ እስከ ታች ጎተትኩት። የትም አልያዘም።