ራውንድ ሮቢን ስንት ጊዜ ነው?

መሥሪያ ቤታችን በክፍሎች መካከል የእግር ኳስ ውድድር ያዘጋጃል። የመርሃ ግብሩ ሥራ የእኔ ነው። ደንቡን የሚያረቅቀው ግን ሌላ ንዑስ ኮሚቴ ነው። በዚያ ዓመት ስድስት ቡድኖች ተመዘገቡ።

ደንቡ ስለ ውድድሩ ዓይነት አንድ መስመር ብቻ ነበረው፦ «በራውንድ ሮቢን ይካሄዳል»። ለቡድኖች የተላከው ደብዳቤ ላይ ይህ «በራውንድ ሮቢንግ ዙር» ሆነ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ደግሞ «በራውንድ» ብቻ ቀረ። ሁሉም አነበበ፤ ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

በመጨረሻው የጨዋታ ቀን አንደኛውና ሁለተኛው ተገናኙ። ሁለተኛው ካሸነፈ ዋንጫው የእሱ ነው። አምበሉ ግን ትንሽ ጉዳት የነበረባቸውን ሁለት ዋና ተጫዋቾቹን አሳረፈ። ቡድኑም ተሸነፈ። አሸናፊዎቹ መጨፈር ሲጀምሩ ወደ እኔ መጣና «ገና አንድ ዙር እየቀረ ምን ያስጨፍራቸዋል?» አለኝ።

«አለቀ እኮ» አልኩት። ፊቱ ልውጥ አለ።

ፈረድኩለት። በሊግ ወሬ «አንደኛው ዙር ተጠናቀቀ» ከተባለ፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር አንድ አንድ ጊዜ ተጫውቷል፣ ግማሹ ይቀራል ማለት ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ «ሦስተኛ ዙር» ስንል ሦስተኛውን የጨዋታ ቀን ማለታችን ነው። በጥሎ ማለፍ ደግሞ ዙር ተሸናፊው የሚሰናበትበት ደረጃ ነው። «ሮቢንግ ዙር» የሚለውን ያነበበ ሰው ደርሶ መልስ አለ ብሎ ቢያስብ ምን ይፈረድበታል?

ራውንድ ሮቢን ማለት እያንዳንዱ ቡድን ከሌሎቹ ሁሉ ጋር የሚጫወትበት ውድድር ነው። አጻጻፉ ሁለት ቃል ነው፤ መጨረሻው ላይ «ግ» የለውም። ስያሜው ከስፖርት በፊትም ነበር። መርከበኞች አቤቱታ ሲያቀርቡ ማን ቀድሞ እንደፈረመ እንዳይታወቅ ስማቸውን በክብ ይጽፉ ነበር፤ ያ ወረቀት ነው በዚህ ስም የሚጠራው። ስሙ ግን ስንት ጊዜ እንደሚጫወቱ አይናገርም። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ነጠላ ነው፤ ሁለት ጊዜ ከሆነ ድርብ። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ስድስት ቡድን በነጠላ 15 ጨዋታ ያደርጋል፣ በአምስት የጨዋታ ቀን ያልቃል። ድርብ ሲሆን 30 ጨዋታና 10 የጨዋታ ቀን ይፈልጋል። በጥሎ ማለፍ ቢሆን ኖሮ 5 ጨዋታ በቂ ነበር፤ በእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ቡድን ይሰናበታል፣ አንዱ እስኪቀር።

ቅሬታው ኮሚቴው ዘንድ ቀረበ። አንዱ አባል «ፍጻሜ የሌለው ዋንጫ አለ እንዴ? ሁለቱ እንደገና ይጫወቱ» አለ። ይሄን አጥብቄ ተቃወምኩ። እ.ኤ.አ. የ1950ው የዓለም ዋንጫ ራሱ የፍጻሜ ጨዋታ አልነበረውም። ለመጨረሻው ምድብ ያለፉት አራት ቡድኖች በነጠላ ራውንድ ሮቢን ተጫወቱ። በመጨረሻው ቀን ብራዚል አቻ ቢበቃትም ኡራጓይ 2 ለ 1 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። በነጥብ የተገኘ ዋንጫ ሙሉ ዋንጫ ነው። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ፍጻሜ መጨመር ግን ያሸነፈውን መቀማት ነው።

ሁለተኛ ዙር ይጨመር የሚልም ነበር። ሜዳውም ዳኞቹም የተያዙት ለ15 ጨዋታ ብቻ ነው። መርሃ ግብሩ ለሁሉም አምበል ደርሷል፤ የተሸነፈው ቡድን አምበል ግን «የአንደኛው ዙር ብቻ መሰለኝ» አለ። ዋንጫው ለአንደኛው ጸደቀ። ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የዚያ ቡድን ልፋት ግን እስከዛሬ ያሳዝነኛል።

ደንቡ እንደገና ሲጻፍ አምበሉን ጠራነው፤ ሳያንገራግር መጣ። አዲሱ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «እያንዳንዱ ቡድን ከእያንዳንዱ ተጋጣሚ ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ይጫወታል፤ ይህም ነጠላ ራውንድ ሮቢን ነው። ጠቅላላው 15 ጨዋታ ነው። የፍጻሜ ጨዋታ የለም፤ ብዙ ነጥብ የሰበሰበ ዋንጫውን ይወስዳል።»

አምበሉ ደጋግሞ አነበበው። «ሦስት ቡድኖች እኩል ነጥብ ቢያመጡስ?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። አንዱ ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን፣ ሦስተኛው ደግሞ የመጀመሪያውን አሸንፎ ሊሆን ይችላል፤ የእርስ በርስ ውጤታቸው ብቻውን አይለያቸውም። ስለዚህ ቅደም ተከተል አስቀመጥን፦ እርስ በርስ ያገኙት ነጥብ፣ የእርስ በርስ የግብ ልዩነት፣ ከዚያ አጠቃላይ የግብ ልዩነት፣ በመጨረሻ ዕጣ። የመጨረሻው ቀን ጨዋታዎች በተመሳሳይ ሰዓት እንዲጀመሩም ጨመርን። እ.ኤ.አ. በ1982ቱ የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ የሌሎቹን ውጤት አውቀው ሜዳ ገቡ፤ 1 ለ 0 ሁለቱንም ሲያሳልፍ አልጄሪያ ተሰናበተች። የምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ጊዜ የሚደረጉት ከዚያ ወዲህ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ሰባት ቡድን ተመዘገበ። ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት 15ቱን ወደ 21 ቀየርን። ሰባት ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ በየጨዋታ ቀኑ አንድ ቡድን ያርፋል፤ የአራፊውንም ስም ከየቀኑ መርሃ ግብር ሥር ጻፍን።