የካኑ ሦስተኛዋ ጎል

ዛሬ ዲኤስቲቪ ቤት የእረፍት ሰዓቱ ከጨዋታው በለጠብኝ። አንድ ጎረምሳ «ካኑ ደግሞ ማነው?» አለ። ከጎኑ የነበሩት ጋሼ ሻያቸውን አስቀምጠው መተረክ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1999፣ የቼልሲ ሜዳ ስታምፎርድ ብሪጅ። ቼልሲ 2 ለ 0 እየመራ ነው። ሩብ ሰዓት ሲቀር የአርሰናሉ ናይጄሪያዊ አጥቂ ካኑ ጀመረ፤ ብቻውን ሦስት አገባ!

ሦስተኛዋን ጠረጴዛው ላይ በጣታቸው ሳሏት። ግብ ጠባቂው ደ ሁይ ወጣ፣ ካኑ መስመሩ ጠርዝ ላይ አለፈው፣ ከዚያች ጠባብ ማዕዘን ከተከላካዮቹ በላይ መረብ ውስጥ። የማንቼ ደጋፊዎች ሳይቀሩ ጸጥ ብለው ሰሙ።

ለእኔ አርሰናልን እዚህ ያስወደዱት ከዋንጫው በላይ እነ ካኑ፣ ሎረን፣ ኮሎ ቱሬ ናቸው። እንደኛው አፍሪካውያን!

ጎሏን ያላያችሁ ዛሬውኑ ዩቲዩብ ላይ ፈልጓት።