የታመመው ኮከብ

በ2012 ዓ.ም. የምኖረው ሱሉልታ ነበር፣ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አንድ ጥሩ ነገር ግን አለው፤ የአዲስ አበባን ብርሃን እንጦጦ ይጋርደዋል። በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ (ያልጠፋበት ሳምንት ትዝ አይለኝም) ሰማዩ ሌላ ነው።

የከተራ ዕለት ማታ፣ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ግቢው መሃል ቆሜያለሁ። ቤቴልጁስ የሚባለው ቀይ ኮከብ በጥር በዚያ ሰዓት አናታችን ላይ ነው የሚደርሰው። አንገት ያሳምማል። አጠገቡ ቤላትሪክስ የምትባል ኮከብ አለች። ወትሮ በብርሃን አትወዳደረውም። ያን ማታ ግን እኩያው ልትሆን ምንም አልቀራትም።

"አንተ ልጅ፣ ብርድ ይመታሃል! ምን ጠፋብህ?" አሉኝ አከራዬ።

"ኮከቡ ደበዘዘ፣ እትዬ።"

"ታመመ?"

ከዚያ በኋላ ስሙ "የታመመው" ሆኖ ቀረ።

ስልኬ ላይ ሰው ሁሉ "ሊፈነዳ ነው" ይላል። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ ቋምጬ ነበር። ኮከቡ እንደሆነ አርጅቷል። ከግዙፍነቱ የተነሣ በፀሐይ ቦታ ቢቀመጥ ጠርዙ ማርስን አልፎ ይሄዳል። ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ማለቱ የኖረ ጠባዩ ነው፤ እንዲህ መውረዱ ነው አዲሱ ነገር። የካቲት መጀመሪያ ላይ ከወትሮ ብርሃኑ የቀረው ከሲሶ ብዙም አይበልጥም። ሚያዝያ ላይ፣ እኛ በኮሮና ቤት ተዘግተን ሳለ፣ እሱ ድኖ ቁጭ አለ። ተናደድኩ።

ምክንያቱን ያነበብኩት ሰኔ 2013 ላይ ነው። ቺሊ ባለው ትልቅ ቴሌስኮፕ ፎቶ አንስተውት ኖሯል፤ ደቡባዊ ጎኑ ጠቁሯል። ኮከቡ ትልቅ የጋዝ አረፋ ተፍቶ ነበር። ቆይቶ ከገጹ አንዱ ቦታ ቀዘቀዘ። ርቆ የወጣው ጋዝም በረደና አቧራ ሆነ፤ አቧራው በእኛና በኮከቡ መሃል ቆሞ ጋረደው። ይሄ ሁሉ የሆነው ደግሞ ጎንደር ሳትቆረቆር ነው፤ ኮከቡ ሩቅ ስለሆነ ብርሃኑ እኛ ጋ የደረሰው ገና በ2012 ነው።

እትዬ እንጀራ ሲጋግሩ ማድቤት ገብቼ ነገርኳቸው። አክንባሎውን ሲያነሱ እንፋሎቱ ወደ ላይ ሄደ። ቆርቆሮው በዝናብ ቀዝቅዟል፤ ጠብታው እዚያ ተንጠለጠለ። "ያውሎት፣ ምጣዱ ላይ ጠብታ የለም። ርቆ ሲቀዘቅዝ ነው የሚጠራቀመው። የኮከቡም አቧራ እንደዚሁ ነው፤ ጋዙ እላዩ ላይ እያለ በሙቀቱ አቧራ መሆን አይችልም" አልኳቸው።

ጣሪያውን ቀና ብለው አዩና ወደ ምጣዳቸው ተመለሱ።

"ያን ሁሉ ማታ አንገትህን ሰብረህ ያየኸው አቧራ ነው?"

"አቧራ ነው።"

"እኔ በረንዳው ላይ ስንቱን ስጠርግ አንድ ቀን ዞር ብለህ አላየኸኝም።"