ሦስተኛው የወጥ ቤታችን ቧንቧ

በአራት ዓመት ውስጥ ለወጥ ቤታችን ሦስት ቧንቧ ገዝቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በዓይኔ ወድጄ ነው የገዛኋቸው። ሦስተኛውን የመረጥኩት በሚዛን፣ በባትሪ መብራትና በብዙ ጥያቄ ነው፤ እስከ ዛሬ አንዲት ጠብታ አላንጠባጠበም።

ቤታችን ጅማ ውስጥ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ወጥ ቤቱን ስናድስ እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ዕቃ ሳጥብ ውሃው አያሰቃየኝ።» እኔም ከመደብሩ መደርደሪያ በጣም የሚያብረቀርቀውን አንስቼ መጣሁ። በአምስተኛው ወር ማንጠባጠብ ጀመረ። አንድ ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጬ ተኛሁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ስለካው 6 ሊትር ያህል ተጠራቅሟል። በቀን ሲሰላ 18 ሊትር ማለት ነው፤ አንዱን ቢጫ ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውሃ። በእኛ ሰፈር ውሃ ሲጠፋ ሰው ጀሪካን ተሸክሞ የሚሄድበትን መንገድ ስለማውቀው በጣም አዘንኩ። በስምንተኛው ወር እጀታው ተሰብሮ በእናቴ እጅ ቀረ።

ሁለተኛው አንገቱ እየተሳበ የሚወጣ፣ ጫፉ እንደ ሻወር የሚረጭ ነበር። እንደተገጠመ ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ወረደ። ጥፋቱ የቧንቧው ሳይሆን የእኔ ነው። የእኛ ውሃ የሚመጣው ሦስት ሜትር ከፍታ ባለው የብረት ማማ ላይ ከተቀመጠ ሮቶ ነው። ውሃ 10 ሜትር ከፍታ ሲኖረው የሚፈጥረው ግፊት 1 ባር ገደማ ነው። ቧንቧው ራሱ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ ለእኛ የሚደርሰን እንደ ሮቶው ሙላት የሁለት ወይም የሦስት ሜትር ግፊት፣ ማለትም ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ነው። ሳጥኑ ላይ «ቢያንስ 0.5 ባር» የሚል ጽሑፍ ነበረ፤ ከመግዛቴ በፊት አላነበብኩትም። ከሮቶ ለሚጠቀም ሰው ከቀለሙም ከቅርጹም በፊት መታየት ያለበት ይህ ቁጥር ነው። ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ያለው ቤት ግን ይህ አያሳስበውም።

ያኔ ነው የአባቴን የድሮ ጓደኛ የጠራሁት። ዕድሜያቸውን በሙሉ ቧንቧ ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። የተሰበረውን የመጀመሪያውን ቧንቧ አምጪው አሉኝና በጂራቱቦ ይዘው ለሁለት ከፈሉት። የስብራቱ ገጽ ግራጫ፣ እንደ ጨው የፈረፈረ ነበር። «ልጄ፣ ናስ ሲሰበር ቢጫ ሆኖ ታይዋለሽ። ይህ የዚንክ ቅልቅል ነው» አሉኝ። ዚንክ በቀላሉ ቀልጦ በቅርጽ ስለሚፈስ ርካሽ ነው፤ ላዩን ክሮም ሲቀቡት ከናስ አይለይም። ቅቡ አንድ ቦታ ሲላጥ ግን ውሃው ውስጡን እየበላ ያሰባብረዋል።

«ማግኔት ባስጠጋበትስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ብዙ ሰው የሚመክረው ይህንን ነውና። ማግኔት ናስን አይስብም፤ ዚንክንም አይስብም። ስለዚህ ማግኔቱ የሚያጋልጠው ተራ ብረትን ብቻ ነው። እሳቸው የነገሩኝ ሌላ ነው፦ ቧንቧውን ገልብጠሽ ቱቦው የሚገባበትን ቀዳዳ በባትሪ እዪው። ክሩ ያለበት የውስጥ ክፍል ብዙ ጊዜ ክሮም አይቀባም፤ ናስ ከሆነ ቢጫው እዚያ ይታያል።

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሬ እዚሁ ጅማ ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ያሉትን የግንባታ ዕቃ መደብሮች አዳረስኩ። በመልክ የማይለዩ ሁለት ቧንቧዎች ያገኘሁበት መደብር ጎን ቡና የሚቸረችር ሰው ነበረ። ሚዛኑን ለመንኩት፤ በደስታ ፈቀደልኝ። አንዱ 560 ግራም፣ ሌላው 1 ኪሎ ከ310 ግራም መዘነ። ቡና ሊገዙ የመጡ ሴቶች ሳይቀሩ ከበው አዩ። ክብደት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የታችኛውን ማሰሪያ በወፍራም ብረት ሠርተው የሚያከብዱት አለና። ክብደቱና የውስጡ ቢጫ ቀለም አንድ ላይ ሲገኙ ግን ተማመንኩ።

ቀጥሎ ስለ ካርትሪጅ ጠየቅሁ። ባለ አንድ እጀታ ቧንቧ ልቡ ካርትሪጁ ነው፦ ሁለት ለስላሳ የሴራሚክ ሳህኖች አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ ውሃውን ይከፍታሉ፤ ይዘጋሉ። በገበያ ላይ የሚበዙት ባለ 35 እና ባለ 40 ሚሊ ሜትር ናቸው። «ይህ ሲያረጅ ካርትሪጁን ለብቻው አገኛለሁ?» ስለው አንዱ ባለ መደብር «እህቴ፣ ይህ መቼም አይበላሽም» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ሌላው ምንም ሳይናገር መሳቢያውን ከፍቶ የ35ቱን ካርትሪጅ አውጥቶ አሳየኝ። ቧንቧውንም መለዋወጫውንም ከእሱ ገዛሁ። ዋጋው ከመጀመሪያው ቧንቧ ሁለት እጥፍ ተኩል ነበር፤ የሁለቱን የከሸፉ ቧንቧዎች ዋጋ ስደምረው ግን ከእነሱ አነሰ።

ቁመቱን የወሰነችው እናቴ ናት። ትልቁን ድስት ሲንኩ ውስጥ አስቀምጣ ከአፉ በላይ ያለውን ክፍተት በስንዝር ለካች። እጇ ሊጥ ወይም በርበሬ ሲሆን በክንዷ ገፋ አድርጋ እንድትከፍተው ደግሞ እጀታው ረዘም ያለ እንዲሆን ፈለገች።

ሲገጠም የተማርኩት ብዙ ነው። ወጥ ቤታችን የሙቅ ውሃ መስመር የለውም፤ ቧንቧው ግን ሙቅና ቀዝቃዛ የሚቀላቅል ስለሆነ ሁለት ቱቦ አለው። ቀዝቃዛው ብቻ ተገናኝቶ የሙቁ ቱቦ ክፍት ቢተው፣ እጀታው ወደ መሃል ሲዞር ውሃው በዚያኛው ቱቦ ተመልሶ ከሲንኩ ሥር ያለውን ቁም ሳጥን ያርሰዋል። ስለዚህ የሙቁን በክዳን ደፈንነው። ቱቦዎቹ ጫፋቸው ላይ ጎማ ስላላቸው ቴፍሎን የሚባለው ነጭ መጠቅለያ ቴፕ አያስፈልጋቸውም፤ በእጅ አጥብቆ፣ ከዚያ በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ። የመጀመሪያው ገጣሚ በቴፍሎን ጠቅልሎ በኃይል ሲያጠብቀው ጎማው ተቆርጦ ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን አሸዋው ነው። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ በመስመሩ ውስጥ የተኛውን ዝገትና ደለል ይዞ ይመጣል፤ በተለይ በክረምት ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በሁለቱ የሴራሚክ ሳህኖች መካከል ከገባች ትቧጭራቸዋለች፤ ጠብታውም ከዚያ ይጀምራል። ሽማግሌው አዲሱን ቧንቧ ከማገናኘታቸው በፊት መስመሩን ለአምስት ደቂቃ ወደ ባልዲ ለቀቁት፤ የባልዲው ወለል ላይ የቀረውን አሸዋ ሳይ ያለፉት ዓመታት ተገለጡልኝ። ከሲንኩ ሥር ወንፊት ያለው ትንሽ ማጣሪያ ጨመርን። አሁን ውሃ ሲመለስ መጀመሪያ የግቢውን ቧንቧ ከፍተን እስኪጠራ እንጠብቃለን፤ የጓሮው ጎመንም ይጠጣል።

ባለፈው ሐምሌ ውሃው ሲቀንስብን ካርትሪጁ ሄደ ብዬ ደነገጥኩ። የቧንቧውን ጫፍ ወንፊት ፈትቼ ሳየው በደቃቅ አሸዋ ተሞልቷል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥቤ መለስኩት፤ ውሃው ወዲያው ተመለሰ። ከቧንቧው ጋር የገዛሁት መለዋወጫ ካርትሪጅ አሁንም ከነማሸጊያው በመሳቢያው ውስጥ፣ ከካቻቢቴው አጠገብ ተቀምጧል።