ደብረ ማርቆስ ጓሮ ውስጥ የምትሄደው ባቡር

ጎጃም ባቡር አያውቅም። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ዓባይን ግን አልተሻገረም። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ የእንፋሎት ባቡር እሠራለሁ ስል የሳቀብኝ ሰው አይፈረድበትም።

የኔዋ ባቡር ክንድ አትሞላም። ግን ባትሪም ሞተርም የላትም። እሳት ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ፒስተን ይገፋል፣ መንኮራኩሩ ይዞራል። ትልቁም ባቡር ይሄድ የነበረው በዚሁ ነው።

መጀመሪያ የወሰንኩት የሐዲዱን ስፋት ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። ለትናንሽ ባቡሮች በዓለም ከተለመዱት ስፋቶች አንዱ ደግሞ 45 ሚሊ ሜትር ነው። 1 ሜትርን ለ22.5 ብታካፍሉት 44 ከምናምን ይመጣል። በቃ፣ የእኛን አገር ባቡር ለመሥራት ሁሉንም ልኬት ለ22.5 ማካፈል ነው።

ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት አስቆረጥኩ። የመረጥኩት የሚወዛወዘውን ዓይነት ነው። ሲሊንደሩ ራሱ ወዲያና ወዲህ ሲል የእንፋሎት መግቢያና መውጫ ቀዳዳዎችን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የተወሳሰበ የቫልቭ ማርሽ አያስፈልገውም። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ሌላውን ለማሳመር ያህል ካልሆነ አልመክርም።

አብዛኛው ጊዜዬ ያለቀው ውሃው የሚፈላበት ጋን፣ ቦይለሩ ላይ ነው። ሌላው ዕቃ ቢበላሽ ባቡሯ ትቆማለች፤ ቦይለር ቢበላሽ ሰው ይጎዳል። ገላው 54 ሚሊ ሜትር የመዳብ ቱቦ ነው፣ ውፍረቱ 1.2። እኔ ለምሠራበት 3 ባር ግፊት ቱቦው ከበቂ በላይ ነው። የሚያሰጋው መጋጠሚያው ነው። ሬዲዮ ጠጋኞች የሚበይዱበት ሊድ ከ190 ዲግሪ በታች ይቀልጣል፤ እሳት ላይ ለሚቀመጥ ቦይለር ፈጽሞ አይሆንም። ፍሪጅ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ፎስፈረስ ያለው ዘንግ መዳብን ከመዳብ በደንብ ይይዛል። ነገር ግን ድኝ ሲያገኘው ይሰባበራል፣ የድንጋይ ከሰል ደግሞ ድኝ አለው። እኔ ወደፊት ምን እንደማነድ ስላልቆረጥኩ ወጪውን ችዬ የብር ብየዳ ያዝኩ።

የብር ብየዳ ከ600 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። መዳብ ደግሞ ሙቀት ይበትናል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበልባል ብታነዱ ዕቃው በሙሉ ሙቀቱን ይጠጣውና ብየዳው አይፈስም። ዙሪያውን በከሰል ከበብኩት፣ ከላይ በጋዝ አነደድኩ። ቦይለሩ በሙሉ ሲቀላ ብየዳው በራሱ ስንጥቁን ተከትሎ ይሮጣል። ሲቀዘቅዝ የጠቆረውን ለማስለቀቅ ሎሚ ጭማቂ ውስጥ አሳደርኩት። ከገበያ አሲድ ፍለጋ መንከራተት ቀረልኝ።

ቫልቮች የሚታሰሩባቸውን ጉጦች ከናስ አላደረግኩም። ናስ ውስጥ ያለው ዚንክ በትኩስ ውሃ ቀስ እያለ ይወጣና የቀረው ብረት ይፈረካከሳል። ከአሮጌ ፓምፕ የወጣ ነሐስ (የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ) አገኘሁ፣ እሱን አስቆረጥኩ።

ከዚያ ፍተሻ። ቦይለሩን አየር ሳላስቀር ውሃ ሞላሁት፤ ያለ እሳት፣ በእጅ ፓምፕ እስከ 6 ባር ወጣሁ። የምሠራበትን እጥፍ ማለት ነው። የቶርኖ ቤቱ ባለቤት፣ «ኮምፕረሰር እያለልህ ምን ያደክምሃል?» አለኝ። ጋሼ እጃቸው የተባረከ ነው፤ በዚህ ግን አልተስማማንም። ውሃ እምብዛም አይታመቅም፤ መጋጠሚያው ቢከዳ ይንጠባጠባል፣ አለቀ። የታመቀ አየር ግን ፈንድቶ ፊት ላይ ይመጣል። ግፊት ሲበዛ እንፋሎት የሚያስተነፍሰውን የደህንነት ቫልቭም ለብቻው ፈተንኩት። እሳቱን በሙሉ ኃይሉ አንድዶ የእንፋሎቱን መውጫ መዝጋት፣ ከዚያ ማኖሜትሩን (የግፊት መለኪያውን) ማየት ነው። ቫልቩ እየተነፈሰ መርፌው አሁንም ሽቅብ የሚል ከሆነ ቫልቩ ጠቧል።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው። እንግዲያው ባቡሯ ትደክማለች ብለው የነገሩኝ ነበሩ። አትደክምም። ክዳኑ ታስሮ 3 ባር ሲደርስ ውስጡ ያለው ውሃ ወደ 140 ዲግሪ ይጠጋል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ተራራው ግድ የለውም። ከፍታው የሚጎዳው እሳቱን ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ለማንደጃው ሰፋ ያሉ የአየር ቀዳዳዎች በሳሁለት።

የማነደው አልኮል ነው። ጎረቤቴ እማማ አረቄ ያወጣሉ፤ ዳግሙ ይነድ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ከሰው ተርፎ ነው ብረት የሚጠጣው?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ውሃ የበዛበት ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ንጹሕ አልኮል ገዛሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። የአልኮሉ ታንክ ከቦይለሩ ውሃ ቀድሞ እንዲያልቅ ሆኖ ይለካ። እሳቱ ቀድሞ ከጠፋ ባቡሯ ትቆማለች፣ ሌላ ምንም የለም። ውሃው ቀድሞ ካለቀ ግን ባዶ መዳብ እሳት ላይ ይቀመጣል።

ውሃው የክረምት ዝናብ ነው። ከጣሪያ አጠራቅሜ በነጠላ አጣራዋለሁ። የጉድጓድ ውሃ ነጭ ድንጋይ ይጋግራል፤ የጎጃም ሰማይ ግን በዚህ በኩል ንፉግ አይደለም። ክረምት ችግር የሚፈጥረው ለሐዲዱ ነው። ከጠፍጣፋ ብረትና ከባሕር ዛፍ ነው የሠራሁት፤ እንጨቱ ሲርስ ያብጥና ስፋቱ ይዛነፋል። ሐምሌና ነሐሴ አላነዳም።

ስታነዱ ትኩስ ውሃ ሙሉ፣ ጊዜ ይቆጥባል። መጀመሪያ ላይ በእጅ ገፋ ገፋ አድርጓት። ቀዝቃዛ ሲሊንደር ውስጥ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ይለወጣል፣ ያ ውሃ ካልወጣ ፒስተኑ አይላወስም። ልጆች ደግሞ ሁለት እርምጃ ይራቁ። የሰፈሩ ልጆች ይህን ሕግ አሁን ከኔ በላይ ያስከብራሉ።

እነሱ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ መቼ ነው የምንሳፈረው? ሰው የሚጎትቱት ባቡሮች በአብዛኛው ባለ 127 ሚሊ ሜትር ሐዲድና ከዚያ በላይ ናቸው። ቦይለሩም በዚያው ልክ ያድጋል። የመዳቡን ዋጋ ጠይቄ መጥቻለሁ፤ ለልጆቹ ገና አልነገርኳቸውም።