«ፖንደረስ» የተባለው ሪፖርት

በአማርኛ አንድን ሰው «ከባድ ነው» ካልን አከበርነው ማለት ነው። ረጋ ያለ፣ ቃሉ መሬት የማይወድቅ። «ቀላል ሰው» ግን ስድብ ነው። ልጃችንን ከበደ ብለን እንሰይማለን። በዕብራይስጥም «ካቬድ» ከባድ፣ «ካቮድ» ክብር ነው፤ ሥሩ አንድ ነው። የእኛን መሥሪያ ቤት ያሳሳተውም ይኸው ስሜት ይመስለኛል።

ስለ ውኃ ጉድጓዶች ሥራችን የጻፍነውን ዓመታዊ ሪፖርት ለለጋሾች ልከን ነበር። በእንግሊዝኛ የመጣው አስተያየት አጻጻፉን «ፖንደረስ» ይለዋል። ደብዳቤውን የተረጎመው አዲስ የተቀጠረ ልጅ «ክብደት ያለው አጻጻፍ» ብሎ መለሰው። ኃላፊያችን በስብሰባ ላይ ጮክ ብለው አነበቡት። «የሚቀጥለውም በዚሁ መንፈስ ይጻፍ!» አሉ። ተጨበጨበ።

በሰው ፊት ማረም አልፈለግሁም። ከስብሰባው በኋላ ቢሯቸው ገባሁ። ልጁንም ይዤው ገባሁ፤ ከጀርባው ማውራት ደስ አይለኝም።

«መዝገበ ቃላቱ እኮ ከባድ ነው የሚለው» አለ ልጁ። እውነቱን ነው። ቃሉ የመጣው «ፖንዱስ» ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ ክብደት ማለት ነው። የዚህ ሥር ደግሞ «ፔንደሬ» ነው፤ ማንጠልጠልም መመዘንም ይሆናል፤ ሚዛን ይንጠለጠላላ። ሮማውያን ሳንቲም ሳይኖራቸው የሚከፍሉት ነሐስ መዝነው ነበር። ስለዚህ ፓውንድም፣ በእንግሊዝኛ ጡረታን የሚጠራው ፔንሽንም የዚህ ቤተሰብ ናቸው። የእኛ «ሰቀለ» የዕብራይስጡ «ሻቃል» ዘመድ ነው፤ ያኛው መመዘን ነው፤ ሼክል የሚባለው ገንዘብ ከዚያ ወጣ። ማንጠልጠልና መመዘን እዚህም እዚያም ጎን ለጎን መገኘታቸው ሁሌም ይገርመኛል።

ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ የገባው በ1400 አካባቢ ነው። መጀመሪያ ስለ ዕቃ ክብደት ነበር የሚነገረው። ኋላ ግን ወደ ንግግርና ወደ ጽሑፍ ሲሻገር ጎታታ፣ አሰልቺ፣ ሕይወት የሌለው ማለት ሆነ። ወንድሙ «ፖንደር» መልካም ነው፤ ማሰላሰል፣ ልክ እኛ ከ«መዘነ» «አመዛዘነ» እንደምንለው። ፖንደረስ ግን ተበላሸ። ሊያመሰግኑን ቢፈልጉ «ዌይቲ» ይሉን ነበር። እሱም ከክብደት የወጣ ነው፤ ግን ቁም ነገር ያለው ማለት ነው።

ለልጁ ያልኩት ይህን ነው፦ ፍቺውን ካየህ በኋላ ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል ተመልከት። እንግሊዞች ፖንደረስ የሚሉት የዝሆንን እርምጃ ነው፣ የሚያንቀላፋ አድማጭ ያለውን ንግግር ነው። ጥሩ ተርጓሚ እንደሚሆን አልተጠራጠርኩም፤ ገና በማግስቱ የቃሉን ምሳሌዎች ሰብስቦ መጣ።

ኃላፊው ዝም ብለው ሰሙን። «ታዲያ ሰደቡን ነው የምትለኝ?» አሉ።

«አልሰደቡንም። ማንበብ አቃተን ነው ያሉት።»

ሪፖርቱን አስመጡና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ማንበብ ጀመሩ። «ከላይ በተጠቀሰው ዓላማ መሠረት» ብሎ ይጀምርና ግማሽ ገጽ ይሄዳል። መሃል ላይ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ወረቀቱን አስቀመጡት። በሚቀጥለው ስብሰባ ትርጉሙን ራሳቸው አስተካክለው ነገሩን፦ «የተንዛዛና የሚያታክት ነው የተባልነው፤ ጭብጨባውን መልሱ» አሉ። ለዚህ አከበርኳቸው። ልጁን አንድም ቃል ክፉ አልተናገሩትም።

የሚቀጥለውን ሪፖርት እያንዳንዱ ክፍል በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ጻፈው። የትኛው ጉድጓድ ውኃ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ፓምፕ እንደቆመና ለምን እንደቆመ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ለጋሾቹ ስለ አጻጻፉ ምንም አላሉም። የቆመውን ፓምፕ ለማስጠገን ስንት እንደሚያስፈልግ ጠየቁን።